ተጠባባቂው ጎማ እስከ የት ያደርሳል?

የበዓል ዋዜማ ነው እንበል። አንድ አሽከርካሪ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን አሳፍሮ፣ ለዘመድ የሚሆን ስጦታና ስንቅ በአነስተኛ አውቶሞቢሉ ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በመጓዝ ላይ ይገኛል። ጎሐ ጽዮን ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው ወደ ቀኝ መሳብ፣ መሪውም መክበድ ይጀምራል። ወዲያው ዳር ይዞ ወርዶ ሲመለከት የፊት ቀኝ ጎማው ምስማር ተሰክቶበት ተንፍሷል። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍቶ ስንቁን ካወረደ በኋላ ከወለሉ ሥር የሚያገኘው ቀጭን፣ ከሌሎቹ አራት ጎማዎች ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል ጎማ ነው። ከፊቱ ደግሞ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

በመንገድ ላይ የጎማ መተንፈስ ማንኛውንም አሽከርካሪ ሊገጥመው የሚችል ክስተት ነው። የተለመደ በመሆኑም ብዙዎች እምብዛም ትኩረት አይሰጡትም። ይሁንና ጎማውን ለመቀየር የሚቆምበት ቦታ፣ መኪናው ከመሬት የሚነሳበት ሁኔታ፣ የሚገጠመው ጎማ ዓይነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተገጠመው ጎማ ምን ያህል ርቀትና በምን ያህል ፍጥነት መጓዝ እንደሚቻል አለማወቅ ቀላሉን ብልሽት ወደ ከባድ አደጋ ሊለውጠው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አሽከርካሪዎች በእነዚህ ነጥቦች ላይ ያላቸውን ግንዛቤ ማዳበር ነው።

ጎማ በድንገት ሲፈነዳ አሽከርካሪው ደንግጦ ፍሬን በኃይል ለመርገጥ ይነሳሳል። ይህ ግን መኪናውን ከመስመሩ አስወጥቶ እስከ መገልበጥ ሊያደርሰው ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ፣ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ በቀስ ማንሳትና መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እስኪቀንስ መታገስ ነው። ፍጥነቱ ከቀነሰ በኋላ ፍሬቻ በማሳየት ወደ መንገዱ ዳር መውጣት ይቻላል።

ለመቆም የሚመረጠው ቦታ ሜዳ፣ መሬቱ ጠንካራ፣ ከኩርባና ከዳገት አናት የራቀ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ በሩቁ የሚታይ መሆን ይኖርበታል። በተነፈሰ ጎማ ጥቂት መቶ ሜትሮች መጓዝ እንኳ የጎማውን ጎን ከውስጥ ሊያበላሸው፣ ቸርኬውንም ሊያጣምመው እንደሚችል እሙን ነው። ያም ሆኖ መኪናው የቆመው ኩርባ ላይ ወይም ጠባብ ድልድይ ላይ ከሆነ በዝግታ እየነዱ አደጋ ከማያሰጋበት ቦታ መድረስ ይመረጣል። ጎማና ቸርኬ በገንዘብ ይተካሉ፤ የሰው ሕይወት ግን አይተካም።

መኪናው እንደቆመ የአደጋ ጊዜ መብራቶችን ማብራት፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ማርሹን ለመደበኛ መኪና አንደኛ ወይም የኋላ ማርሽ ላይ፣ ለአውቶማቲክ ደግሞ በማቆሚያው ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ተሳፋሪዎች በሙሉ ከመኪናው ወርደው ከመንገዱ ራቅ ብለው መቆም አለባቸው። በተለይ ሕፃናት ከመኪናው ኋላ ወይም በትራፊክ በኩል እንዳይቆሙ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው። አንጸባራቂው ባለሦስት ማዕዘን ምልክት በከተማ ውስጥ ከመኪናው በስተኋላ 50 ሜትር ያህል፣ ከከተማ ውጭ ባሉ ፈጣን መንገዶች ደግሞ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ቢቀመጥ ተከትሎ የሚመጣው አሽከርካሪ ፍጥነቱን ለመቀነስ በቂ ጊዜ ያገኛል።

በዚህ ረገድ በአገራችን መንገዶች ላይ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም በአንጸባራቂ ምልክት ፈንታ ድንጋይና ቅጠል አስፋልቱ ላይ መደርደር ነው። ድንጋዩ በቀን ብርሃን ለጊዜው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ቢችልም በምሽት አይታይም። የባሰው ችግር ደግሞ ጎማው ተቀይሮ መኪናው ጉዞውን ሲቀጥል ድንጋዩ ሳይነሳ መቅረቱ ነው። አንዱ አሽከርካሪ ራሱን ሊጠብቅበት የደረደረው ድንጋይ ሌሊት ለሚመጣ ሌላ አሽከርካሪ፣ ለሞተር ብስክሌት ነጂና በሕዝብ ማመላለሻ ለተሳፈሩ ወገኖች የአደጋ ምክንያት ይሆናል። ስለሆነም ምልክት ያልያዘ አሽከርካሪ በድንጋይ ለመጠቀም ቢገደድ እንኳ ከመሄዱ በፊት አንድም ሳያስቀር የማንሳት ግዴታ እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባም።

ጎማ የመቀየሩ ሥራ የሚጀምረው ክሪክ ከማስገባት ሳይሆን ብሎኖቹን ከማላላት ነው። መኪናው ገና መሬት ላይ እንዳለ እያንዳንዱን ብሎን ግማሽ ዙር ያህል ማላላት ይበቃል። መኪናው ከተነሳ በኋላ የጠበቀ ብሎን ለመፍታት መታገል መኪናውን ከክሪኩ ላይ ሊጥለው ይችላል። ከዚያ በፊትም ከሚቀየረው ጎማ በሰያፍ ትይዩ የሚገኘውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት መደገፍ ያስፈልጋል። የፊት ቀኝ ጎማ የሚቀየር ከሆነ የሚደገፈው የኋላ ግራ ጎማ ነው።

ክሪኩ የሚያርፈው አምራቹ ባዘጋጀው ቦታ ላይ ብቻ ነው። በአብዛኞቹ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ይህ ቦታ ከበሩ በታች ባለው የብረት ጠርዝ ላይ፣ ከፊት ጎማ ጀርባና ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት በምልክት ይታያል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ሰፋ ያለ ጠንካራ ጣውላ ማድረግ ይበጃል። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ከሥሩ መግባት፣ እጅም ሆነ እግር ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ተደርጎ መወሰድ ይኖርበታል። ተጠባባቂውን ጎማ አውጥቶ ከመኪናው ጠርዝ ሥር ማስተኛት፣ ጎማው ከተቀየረ በኋላም የተፈታውን በዚያው ቦታ መተካት ክሪኩ ቢንሸራተት እንኳ መኪናው መሬት እንዳይነካ ያግዛል።

አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ ብሎኖቹ በእጅ እስከሚሄዱበት ድረስ ይጠብቃሉ። ዳዶው አንደኛው ጫፉ ሾጣጣ ከሆነ ሾጣጣው ወገን ወደ ቸርኬው መዞር አለበት። ማጥበቂያው ቅደም ተከተል በክብ ሳይሆን በትይዩ፣ ማለትም አንዱን ካጠበቁ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ ነው። ይህም ቸርኬው በእኩል እንዲቀመጥ ያደርጋል። መኪናው መሬት ከነካ በኋላ የመጨረሻው ማጥበቅ ይከናወናል። በመፍቻው ላይ ቆሞ መዝለል ጥንካሬ የሚጨምር ቢመስልም የብሎኑን ጥርስ የሚያበላሽ ተግባር ነው። በብሎኑ ላይ ቅባት ወይም ዘይት መቀባትም ተገቢ አይደለም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ቆም ብሎ ጥብቀቱን እንደገና ማረጋገጥ ጎማ በጉዞ ላይ ተፈትቶ እንዳይወጣ ያደርጋል።

እስከዚህ ያለውን ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች በአብዛኛው ያውቁታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ባለው ጉዞ ነው። በተለምዶ ስኮርታ እየተባለ የሚጠራው ተጠባባቂ ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት መጠኑም ሆነ ቸርኬው ከሌሎቹ አራት ጎማዎች ጋር አንድ የሆነ ሙሉ ጎማ ነው። ሁለተኛው ለጊዜያዊ አገልግሎት ብቻ የተሠራው ቀጭኑ ጎማ ሲሆን፣ ቦታና ክብደት ለመቆጠብ ሲባል በበርካታ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ውስጥ ይገኛል። ሙሉው ጎማ በአግባቡ ከተያዘ ጉዞን ለመቀጠል ያስችላል። ቀጭኑ ጎማ ግን የተሠራው ጎማ ጥገና ቤት ድረስ ለማድረስ እንጂ ጉዞን ለመጨረስ አይደለም።

ቀጭኑን ጎማ ለይቶ ማወቅ አያስቸግርም። አብዛኛውን ጊዜ ቸርኬው ደማቅ ቀለም የተቀባ ወይም ደማቅ ጽሑፍ የተለጠፈበት ሲሆን፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይታይበታል። በጎኑ ላይ የሚጻፈው መጠን የሚጀምረውም ጊዜያዊ መሆኑን በሚያመለክተው ‹‹ቲ›› በተሰኘው የላቲን ፊደል ነው። በርካታ አምራቾች በዚህ ጎማ የሚደረገው ጉዞ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ትክክለኛው ገደብ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍና በራሱ በጎማው ላይ የሰፈረው ነው።

የገደቡ ምክንያት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። መጠኑ 195/65 አር 15 የሆነ መደበኛ ጎማ አጠቃላይ ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 502 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ቲ 125/70 ዲ 16 የተባለው ጊዜያዊ ጎማ ደግሞ ቁመቱ 581 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ለዚያው አንድ ኪሎ ሜትር 547 ጊዜ ያህል መሽከርከር ይኖርበታል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኝ ሆነው ቢሠሩ አንዱ ከሌላው በየኪሎ ሜትሩ 45 ዙር ያህል ይቀድማል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዲፈረንሻሉ መኪናው ዘወትር በመታጠፍ ላይ ያለ ያህል ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሞቃል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ከዚህም በተጨማሪ ቀጭኑ ጎማ መሬት የሚነካበት ገጽ ጠባብ ነው። በዚህ ምክንያት ፍሬን ሲያዝ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል፤ በኩርባና በእርጥብ አስፋልት ላይ የመንሸራተት ዕድሉም ይጨምራል። የግራና የቀኝ ጎማዎች አያያዝ የተለያየ በመሆኑ ፍሬን ሲረገጥ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው የፍሬን ሥርዓት የፍጥነት ልዩነቱን እንደ ብልሽት ቆጥሮ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊያበራም ይችላል። ስለዚህ ጊዜያዊ ጎማ በተገጠመለት መኪና ተጎታች መሳብ፣ ከመጠን በላይ መጫን፣ ወይም በአንድ ጊዜ ሁለት ጊዜያዊ ጎማዎችን መግጠም አይገባም። ፈጣን በሆነው የአዲስ አበባ - አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ በጊዜያዊ ጎማ የሚጓዝ አሽከርካሪ በቀኙ ረድፍ በዝግታ ተጉዞ በቅርብ በሚገኘው መውጫ መውጣት ይጠበቅበታል።

ጊዜያዊው ጎማ የሚገጠምበት ቦታም ቢሆን የራሱ ትርጉም አለው። በአብዛኞቹ አነስተኛ አውቶሞቢሎች የሞተሩ ኃይል የሚተላለፈው ወደ ፊት ጎማዎች ነው። መሪውም ሆነ አብዛኛው የፍሬን ሥራ የሚመካው በእነዚሁ ጎማዎች ላይ ነው። በመሆኑም የተበላሸው የፊት ጎማ ከሆነና የቆሙበት ቦታ አስተማማኝ ከሆነ ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አምጥቶ ቀጭኑን ከኋላ መግጠም ይመረጣል። መንገዱ ጠባብና ትራፊክ የሚበዛበት ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ መኪና ለማንሳት መቆየቱ ራሱ አደጋ ስላለው፣ ቀጭኑን ከፊት ገጥሞ በዝግታ ወደ ተሻለ ቦታ መሄድና ዝውውሩን እዚያ ማከናወን ይቻላል። ኃይል ዘወትር ወደ አራቱም ጎማዎች በሚተላለፍባቸው መኪናዎች የጎማ መጠን ልዩነት የሚያስከትለው ጉዳት የከፋ በመሆኑ የአምራቹን መመሪያ መመልከት ግድ ይላል።

ተጠባባቂ ጎማ ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተብሎ ብቻ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። ለወራት ሳይታይ የቆየ ጎማ በተፈለገበት ሰዓት ነፋሱ ወርዶ መገኘቱ የተለመደ ነው። የመደበኛ አነስተኛ አውቶሞቢል ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ የሚሞላ ሲሆን፣ ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ግን ባብዛኛው 60 ፒ.ኤስ.አይ ወይም 4.2 ባር ይፈልጋል። ለጎማ ጥገና ባለሙያው ይህንን ሳይነግሩ ‹‹እንደ ሌሎቹ ሙላልኝ›› ማለት ጎማውን ግማሽ ነፋስ ብቻ ይዞ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። በወር አንድ ጊዜና ከረጅም ጉዞ በፊት አምስቱንም ጎማዎች መለካት መልካም ልማድ ነው።

ልኬቱ መወሰድ ያለበት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ከአዲስ አበባ ደጋ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ አሽከርካሪ የአየሩና የአስፋልቱ ሙቀት የጎማውን ግፊት ከፍ ያደርገዋል፤ የከፍታው መቀነስ ደግሞ መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር በተወሰነ ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። ከረጅም ጉዞ በኋላ የጋለ ጎማን ለክቶ ‹‹በዝቷል›› በሚል ነፋስ ማስወጣት ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው በታች እንዲሆን ያደርጋል። የጎማ ጎን እየታጠፈ በውስጡ ሙቀት እንዲፈጠርና በመጨረሻም እንዲፈነዳ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ደግሞ ይኸው የነፋስ ማነስ ነው።

ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይቻልም። ላስቲክ ሳይነዳበት ቢቀመጥም በዕድሜ ይደርቃል፤ ይሰነጣጠቃል። የተመረተበትን ጊዜ ለማወቅ በጎማው ጎን ‹‹ዲ.ኦ.ቲ›› ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በሚገኘው መለያ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ማንበብ ይበቃል። ለምሳሌ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተመረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጎማ አምራቾች ተጠባባቂውን ጨምሮ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ እንዲወገድ ይመክራሉ።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች ተጠባባቂ ጎማ ሲያጡ ከሌላ መኪና በውሰት ለመግጠም ይሞክራሉ። ጎማው ገባ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም። የብሎኖቹ ብዛትና የተደረደሩበት ክብ ስፋት፣ የቸርኬው የመካከለኛ ቀዳዳ መጠንና የቸርኬው ጥልቀት መግጠም አለባቸው። በክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለአራት ብሎን ቸርኬ 114.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ላይ ተገፍቶ ቢገባ እንኳ ብሎኖቹ ተጣመው ሊሰበሩ ይችላሉ። ጎማውን ከገጠሙ በኋላ በእጅ በማሽከርከርና መሪውን እስከ መጨረሻው በመጠምዘዝ ከፍሬኑ ወይም ከመኪናው አካል ጋር አለመነካካቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የተበላሸው ጎማ ጥገና ቤት ሲደርስ የሚነሳው ጥያቄ ይጠገናል ወይስ ይቀየራል የሚለው ነው። በሙያው ተቀባይነት ባለው አሠራር የሚጠገነው ቀዳዳው በጎማው የመርገጫ ክፍል መካከለኛ ስፍራ ላይ ሲሆንና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ነው። ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ መታየት አለበት፤ ቀዳዳው ተሞልቶ ከውስጥ በኩልም ይለጠፋል። ከውጭ ብቻ የሚሰካ የጎማ ገመድ ለጊዜው ነፋሱን ቢያቆምም ውስጡ ምን ያህል እንደተጎዳ ሳይታወቅ ስለሚሠራ የመጨረሻ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ጎኑ የተቀደደ ወይም ያበጠ ጎማ ደግሞ በመለጠፍም ሆነ ከመነዳሪ በማስገባት አይድንም፤ መቀየር አለበት።

በምትኩ የሚገዛው ጎማ መጠኑ በሾፌሩ በር አካባቢ ከተለጠፈው ሰሌዳ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። 195/65 አር 15 91 ኤች ከሚለው ጽሑፍ 195 የጎማውን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑን ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ አር ራዲያል መሆኑን፣ 15 የቸርኬውን ቁመት በኢንች ያመለክታሉ። 91 ጎማው እስከ 615 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እንደሚፈቀድለት ይገልጻሉ። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል የመሸከም አቅሙ ዝቅ ያለ ጎማ መግዛት አደጋን መግዛት ነው። በአንድ አክስል ላይ የሚገጠሙት ሁለቱ ጎማዎች ዓይነታቸውም ሆነ የጥርሳቸው ጥልቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። በበርካታ አገሮች ሕግ የጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ከእነዚህ በርካታዎቹ ተጠባባቂ ጎማ የላቸውም። በምትኩ የሚሰጠው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና አነስተኛ የነፋስ መሙያ ነው። ይህ መሣሪያ የሚያገለግለው ለአነስተኛ የመርገጫ ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ ለተቀደደ ጎን አይረዳም። ፈሳሹም የአገልግሎት ዘመን አለው። እነዚህ መኪናዎች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ በመሆናቸውና ባትሪው ከወለላቸው ሥር ስለሚገኝ ክሪክ ከተፈቀደው ነጥብ ውጭ ማስገባት ባትሪውን ሊጎዳ ይችላል። ከከተማ ርቆ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ለመኪናው የሚስማማ ሙሉ ተጠባባቂ ጎማ፣ ክሪክና መፍቻ አሟልቶ ቢይዝ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ጎሐ ጽዮኑ መንገደኛ እንመለስ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከጊዜያዊ ጎማው የርቀት ገደብ ውስጥ ነው። ስለሆነም ‹‹ደጀን ደርሼ አስጠግናለሁ›› ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ያ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ፣ ኩርባ የበዛበት፣ የጭነት መኪናዎች የሚርመሰመሱበት ነው። መኪናው በአምስት ሰውና በዕቃ ተጭኗል፤ ፍሬኑ ያለማቋረጥ ይያዛል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። በዚህ ሁሉ ላይ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ጠባብና አነስተኛ ነው። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ቢፈቅድለትም ቁልቁለቱ አይፈቅድለትም።

አስተዋዩ መንገደኛ ቀጭኑን ጎማ ይገጥማል፤ የደረደረው ድንጋይ ካለ ያነሳል፤ በዝግታ ነድቶ ጎሐ ጽዮን ይገባል። ጎማው እንደተነፈሰ ወዲያው በመቆሙ ጎኑ አልተጎዳም፤ ምስማሩም የገባው በመርገጫው መካከል ነው። ስለዚህ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ተፈትሾ፣ ከውስጥ ተለጥፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጎኑ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ግን ተመጣጣኝ ጎማ እስኪገኝ እዚያው ማደር እንጂ ወደ ገደሉ መውረድ አይኖርበትም ነበር። የበዓሉ ዋዜማ በጥቂት ሰዓት ቢያጥርም ቤተሰቡ በሰላም ይደርሳል።

የተጠባባቂ ጎማ ፋይዳም ይኸው ነው፤ ጉዞን የሚያስቀጥል ሳይሆን ጥገና ወደሚገኝበት ስፍራ በሰላም የሚያደርስ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ አሽከርካሪዎች ዛሬውኑ የዕቃ መጫኛቸውን ከፍተው ተጠባባቂ ጎማቸው ሙሉ ነው ወይስ ጊዜያዊ፣ ነፋሱስ በቂ ነው ወይ፣ ክሪኩ፣ መፍቻውና አንጸባራቂ ምልክቱስ በቦታቸው አሉ ወይ ብለው እንዲፈትሹ እንመክራለን። መልካም መንገድ!